ሳይቆጠር የቀረው ወንድም

እኛ ጎጃሞች ዘር መቁጠርን ከቤተ ሙከራ አልተማርንም። ልጅ ለመዳር ሰባት ቤት ወደ ኋላ እንሄዳለን፤ የቅም አያትን ኩርፊያ ሳይቀር እናነሳለን። «ዘር ከልጓም ይስባል» ያሉት አባት የጄኔቲክስ ትምህርት አልወሰዱም። እናንተም ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት አጠያይቃችኋል፤ አትካዱኝ። ክፋቱ መቁጠራችን አይደለም። ስንቆጥር የምንዘለው ሰው አለ።

አንድ ሰሞን ተመራማሪዎች ቀጥረውኝ በደብረ ኤልያስ ገጠር መረጃ እሰበስብ ነበር። ጥናቱ እግር ስለሚያሳብጠው ስለ ዝሆኔ ነው፤ በሽታው አንዱን ቤት ይዞ ሌላውን ለምን እንደሚተው ከደም ለማወቅ። የእኔ ድርሻ የየቤተሰቡን የዘር ሐረግ በቅጽ ላይ መሳል ነበር።

አያ ጥሩነህ ግራ እግራቸው ያበጠ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ስለ ወንድምና እኅት ጠየቅኋቸው።

«ሁለት እኅቶች አሉኝ። ሁለቱም ጤነኛ፣ ሁለቱም ባለ ትዳር።»

«ወንድምስ?»

«የለኝም።»

ጥግ ላይ ጥጥ የሚፈትሉት ባለቤታቸው እንዝርቱን አቆሙ። «አንተ ሰው፣ አለምነህን የት ጣልኸው?»

 አያ ጥሩነህ ራሳቸው ነገሩኝ። አለምነህ ታናሻቸው ነው። በጉርምስናው ሁለት እግሩ አበጠ። በሽታው ይጋባል፣ እኅቶቹም ቆመው ይቀራሉ ተባለ። አባት ሞተው ስለነበር የቤቱ አዛዥ እሳቸው ነበሩ፤ አንድ ማለዳ ስንቅ ቋጥረው «ዲማ ሂድ፣ ከገዳሙ ተጠጋ» አሉት። እኅቶቹ ተዳሩ። እሳቸውንም ያመማቸው ከሠርጉ በኋላ ነው።

«ይጋባል አይደል?» አሉኝ፤ አዎ በለኝ በሚል ዓይን።

መዋሸት እችል ነበር። «አይጋባም፣ አያ። በዘር የሚመጣው ተጋላጭነቱ ነው፤ የሚያሳምመው ግን ዘመን ሙሉ በባዶ እግር የተረገጠው ቀይ አፈር። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ያደረገ፣ እግሩንም የታጠበ አይያዝም።»

«ጫማ?»

«አዎ።»

«ጫማ ብቻ?»

 በማግሥቱ ዲማ ልሂድ አሉ፤ ብቻቸውን መስደድ አልሆነልኝም። ገዳሙ ደጃፍ ያገኘናቸው አረጋዊ መነኩሴ አለምነህን ያውቁት ነበር።

«ዘንድሮ በጾሙ አረፈ» አሉ።

«ማን... ማን አባረረኝ ይል ነበር?» አሉ አያ ጥሩነህ።

«ማንም። ‹እኅቶቼ እንዲዳሩ ብዬ እኔው ነኝ የወጣሁ› ይል ነበር። ወልደ ማርያም የሚባል ታላቅ ወንድም አለኝ፣ በጸሎት አስቡልኝ እያለም ሲማጠነን ኖረ። ታውቁታላችሁ?»

አያ ጥሩነህ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ። ወልደ ማርያም የክርስትና ስማቸው ነው።

ተመልሼ የአለምነህን ስም ሐረጉ ላይ አስገባሁ። የጥናቱ ኃላፊ ቅጹን ገልጠው አዩት፤ ከአለምነህ ደም ስላልተወሰደ ቤተሰቡ ከጥናቱ ይውጣ ብለው ግርጌው ላይ «ያልተሟላ» ብለው ጻፉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ከታመመው ሁሉ ደም ካልተወሰደ ቤተሰቡ አይቆጠርም የሚለው ደንቡ ነው።

እኔም አልተከራከርሁም። ምን ብዬ?