ለመስቀል የት ትገባለህ?

ልጅን ለአጥቂ መዳር፣ ሞተሩን ላላጠፋ አይሱዙ ጓዳ ማከራየት ነው! አትቆጡኝ... ያልኩት እኔ አይደለሁም። ያሉት ቡታጅራ ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡት ጋሽ ተክሌ ናቸው። ያሉትም ስለ አጥቂ ሁሉ ሳይሆን ስለ አንድ አጥቂ ነው። ያ አጥቂ ልጃቸውን ትዕግስትን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ ነበር። አዎ፣ እኔው ነኝ።

እውነቱን ለመናገር ሰውዬው አልተሳሳቱም። አስራ አንድ ዓመት ኳስ ተጫውቼ ዘጠኝ ቡድን ቀይሬያለሁ። ወልቂጤ ተወልጄ እዚያው ጀመርኩ፣ ቡታጅራ ተሻገርኩ፣ ሆሳዕና ገባሁ፣ ዲላ ወረድኩ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ለራሴም ይደናገረኛል። ደብረ ብርሃን ላይ በብርድ፣ አሶሳ ላይ በሙቀት ልሞት ነበር። ነፍሷን ይማርና እናቴ ስትደውልልኝ እንደ ሰው እናት «እንዴት ነህ?» አትልም። «የት ነህ?» ነበር የምትለኝ። እንዴት እንደሆንኩ የምትጠይቀው የት እንደሆንኩ ከታወቀ በኋላ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አጥቂ በቀድሞ ቡድኑ ላይ ጎል ሲያገባ አይጨፍርም። ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ደጋፊውን ይቅርታ ይጠይቃል። ጨዋነት ነው፤ አበላኝ አጠጣኝ ማለት ነው። ይህ ጨዋነት ግን የሚያምረው አንድ ሁለት ቡድን ለቀየረ ሰው ነው። እኔ ስድስተኛው ቡድኔ ላይ ስደርስ የማልጨፍርበት እንጂ የምጨፍርበት ቡድን ጠፋ! ጎል ባገባሁ ቁጥር እጄን ሰቅዬ እንደ ተማረከ ወታደር እቆማለሁ። ጓደኞቼ ይዘላሉ፣ እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይባስ ብሎ አንድ ቀን ተጫውቼለት በማላውቀው ቡድን ላይ አገባሁና እጄ በልማድ ብድግ አለ። ደጋፊው ግራ ተጋባ። በዓመቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? እነሱው አስፈረሙኝ።

ጋሽ ተክሌ ቡታጅራ ሜዳ ላይ ጨዋታ ካለ የማይቀሩ ሰው ናቸው። እኔ ወደ ወልቂጤ ተመልሼ የእሳቸውን ቡድን በሰማንያ ምናምነኛው ደቂቃ ያሸነፍኩ ዕለትም ነበሩ። እጄን ስሰቅል አዩኝና፣ ትዕግስት እንደነገረችኝ፣ ማታ ራት ላይ «በገዛ ሥራው የሚያዝን ሰው ዛሬ አየሁ» ብለው አወሩ። እሷ ወጥ ላምጣ ብላ ወደ ጓዳ ተነሣች። ያኔ ከተዋወቅን ስምንት ወራችን ነበር።

እንግዲህ ሽማግሌ መላክ ግድ ሆነ። እዚህ ላይ ነው የሠራሁት ሥራ! ሌላ ሰው ቢሆን አጎቱን፣ የነፍስ አባቱን፣ የሰፈሩን ሰው ይልካል። አባቴና እናቴ አርፈዋል፤ ዘመዶቼ ያሉት ጎጃም ነው። አባቴ ወልቂጤ የመጣው በአስተማሪነት ተመድቦ ነው። እናም ምን አሰብኩ? ከተጫወትኩባቸው ከተሞች ምስክር ላምጣ አልኩ። ከወልቂጤ መምህር አበራን ጠራሁ፤ ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ ናቸው፣ ካርታውን አሳዩኝ የቀረውን በእግሬ ጨረስኩት። ከሆሳዕና የቀድሞ የቡድን መሪያችንን አቶ ጸጋዬን አመጣሁ። ከቡታጅራ ደግሞ የደጋፊው ሁሉ አባት የሆኑትን ሐጂ ነስሩን ለመንኩ። ሦስት ከተማ ሲመሰክርልኝ የማን አባት እምቢ ይላል? ብዬ ነው።

እኔ በወጉ መሠረት ቤት አልገባሁም። ከበሩ ማዶ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ፣ ከከተማ ከተማ ይዤው የምዞረውን ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ውስጥ የሆነውን ኋላ ሐጂ ናቸው የነገሩኝ። ሽማግሌዎቹ ቆመው፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለው በሥርዓቱ ለመኑ። ጋሽ ተክሌ ተቀመጡ አሏቸውና ቀላሏን ጥያቄ ጠየቁ። ልጁ የየት ሰው ነው?

መምህር አበራ «የወልቂጤ» አሉ። ሐጂ ነስሩ እኩል «የቡታጅራ» አሉ። አቶ ጸጋዬ ደግሞ ጥሩ የተጫወተው ሆሳዕና ነው ብለው ገቡበት። ከዚያማ ጨዋታው ተጀመረ! ሐጂ፣ እኛ ጋ ሳለ ነው ሰው የሆነው አሉ። መምህር፣ ታዲያ ለምን ለቀቃችሁት አሉ። አቶ ጸጋዬ ጉልበቱን ያሳከምነው እኛ ነን ብለው አረፉት። ጉልበት! የሴት ልጅ አባት ፊት የሙሽራ ጉልበት ይነሳል? ሲጨቃጨቁ ቆይተው ዞር ቢሉ ጋሽ ተክሌ በመስኮት ወደ ባጃጁ ያያሉ።

«ቦርሳ ይዞ ነው የመጣው?» አሉ። ከዚያ ያ የአይሱዙ ነገር ተነገረ። ቀጥለውም በወጉ የሌለ ነገር አደረጉ፤ ልጁን ጥሩልኝ አሉ።

ገባሁ። ሳሎኑ በሰም የተወለወለ ሊሾ ነው፣ ፊቴ ይታየኛል፤ ባላየው ይሻለኝ ነበር። የትዕግስት እናት እትዬ ወለተማርያም በጓዳው በር በኩል ቆመዋል። ትዕግስት ከኋላቸው እንዳለች ጫማዋን አይቼ አወቅኩ። እምቢ ከተባልኩ እሷን ነው የማጣው። ቡድን ቢያባርረኝ ሌላ ቡድን አለ። ትዕግስት ግን አንድ ናት። ይህን ያህል ፍጹም ቅጣት ምት ላይ እንኳ ፈርቼ አላውቅም።

ጋሽ ተክሌ ስለ ደመወዝ አልጠየቁኝም፣ ስለ ጉልበቴም አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

«ለመስቀል የት ትገባለህ?»

ጉራጌ አገር ለኖረ ሰው ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ አልነግረውም። ሰው ዓመቱን ሙሉ መርካቶም ይክረም ሐዋሳ፣ መስከረም አጋማሽ ላይ የሚገባበት ግቢ አለው። ያ ነው ቤቱ። የጋሽ ተክሌ ልጆች እንኳ ከየአገሩ ተጠራርተው እዚሁ ነው የሚከማቹት። ዘጠኙ ከተሞች በሐሳቤ ሰልፍ ወጡ... አንዱን ጠርቼ ልዋሽ አሰብኩ። አፌ እምቢ አለኝ።

«እናቴ ካረፈች ወዲህ ካምፕ ነው የምውለው» አልኳቸው። «ጓደኞቼ ሁሉ አገራቸው ይገባሉ። እኔና የካምፑ ዘበኛ እንቀራለን። ሽሮ ሠርተን እንበላለን።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ ያን ሁሉ የእኛ ነው ሲሉ የነበሩት፣ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። አንዳቸውም በአስራ አንድ ዓመት ለመስቀል ና ብለውኝ አያውቁም። እኔም አፈርኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ጋሽ ተክሌ አላዩኝም። ወደ ጓዳው በር ዞሩ።

«ወለተማርያም፣» አሉ፣ «ለዘንድሮ መስቀል አንድ ጣባ ጨምሪ።»

ጣባ እንግዲህ የክትፎ መብያ ሸክላ ናት። አንድ ጣባ ተጨመረ ማለት አንድ ሰው ተጨመረ ማለት ነው። እልልታው ከጓዳ ሲፈነዳ እኔ ብድግ አልኩ... እና እጄ! ያ የተረገመ እጄ! ሁለቱም ወደ ጣሪያ ተሰቀሉ። ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጋሽ ተክሌ አዩኝ። ያን ጊዜ፣ ያን ሰማንያ ምናምነኛ ደቂቃ እንዳስታወሱ ገባኝ።

«እጅህን አውርድ» አሉኝ። «ለራሱ ቡድን ያገባ ሰው ይቅርታ አይጠይቅም።»

አወረድኩ። ከዚያ የሆነውን እኔ አላዘዝኩትም። የስንት ዓመት ያልተጨፈረ ጭፈራ በአንድ ጊዜ እግሬ ላይ ወረደና ተንደርድሬ በጉልበቴ ሊሾው ላይ ተንሸራተትኩ! ሳሎኑን አቋርጬ ሐጂ ነስሩ ሶፋ ሥር ነው የቆምኩት። ሐጂ እግራቸውን ባያነሱ ኖሮ ሌላ ሽምግልና ያስፈልገን ነበር።

ሱሪዬ ሁለቱም ጉልበቱ ላይ ተቀደደ። ትዕግስት አሁንም ካልሰፋሁልህ ትለኛለች። እምቢ እላታለሁ። ቦርሳውን ግን ሰጥቻታለሁ፤ ሽንኩርት ትገዛበታለች።