ናሙና ሦስት

ስሙን ማን እንዳነሳው የሚቆጥር ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ሠርግ ላይ አመሰገኑኝ ወይ፣ ዕድር ላይ ስሜ ተጠራ ወይ ሲል ይኖራል። እንደ ዶክተር ኢያቄም አድርጎ የቆጠረ ግን አላየሁም። እሳቸው የሚቆጥሩት በስልክ ነበር።

እኔ ካዛንቺስ ጠጅ ቤት ነበረኝ። ዶክተር ሞለኪውላር ባዮሎጂስት ናቸው፤ ማለቴ ነበሩ። በዓይን የማይታይ ነገር ውስጥ ገብተው ዘሩን ያነባሉ። እኔ ያኔ በዓይን የሚታየውንም አላነብም። ከሥራ ሲመጡ ገና ሳይቀመጡ ስልካቸውን ከፍተው "ስንት ደረሰ መሰለሽ?" ይሉኛል። ሌላ ተመራማሪ ጽሑፋቸውን በጠቀሰ ቁጥር ስልኩ ላይ አንድ ይጨመራል። እኔም ብርሌ እያጠብኩ "ስንት ደረሰ ዶክተር?" እላለሁ። በቃ፣ ሰላምታችን ይኸው ነበር።

ከብራዚል አንድ ሰው ሲጠቅሳቸው ቤቱን ሙሉ ጋበዙ። ሌላ ጊዜ አንድ ህንዳዊ ጠቅሷቸው፣ ኢያቄም ተሳስቷል ብሎ ጻፈ። ያዝናሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን "ተሳስቷል ለማለትም ስሜን መጻፍ ነበረበት፤ ይቆጠራል" ብለው ብርሌያቸውን አነሱ። አንዳንዴ ራሳቸውን በራሳቸው እንደሚጠቅሱም ነግረውኛል፤ ነውር እንጂ ወንጀል አይደለም አሉ። ከለገሃር ባቡር ጡረታ የወጡት ጋሽ ቸሩ ከጥግ ሆነው፣ "እኔን ባለቤቴ በቀን ሃያ ጊዜ ትጠቅሰኛለች፤ እስከዛሬ ዶክተር ያለኝ የለም" ይሏቸዋል።

ሠላሳ ስምንት ጽሑፍ ነበራቸው። የሚወዱት የስንዴ ዋጉን ነው። ዘጠኝ ዓመት ለፍተውበት ዘጠኝ ሰው ጠቀሰው፤ በዓመት አንድ ይደርሰኛል ይላሉ። ዓለም ያነሳላቸው የጠጁን ነው፣ በአንድ ክረምት የሠሩትን። ከሦስት ጠጅ ቤት ከበርሜሉ ሥር የሚቀረውን አምቡላ ወስደው፣ ውስጡ ያለውን እርሾ አጠኑ። የእኔ ሦስተኛው ነበር። እንዲህ ያለ እርሾ ሌላ ቦታ አልታየም ተባለ። ከእናቴ ጋን ወደ እኔ በርሜል የተላለፈ ነው፤ ሌላ የማውቀው የለም።

ጽሑፉ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው መጡ። ቤቱ ሞልቷል። ጠጁን የጣለችው ማን እንደሆነች ይጻፋል፣ ስምሽን በእጅሽ ጻፊና ፈርሚ አሉኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እጄ እርጥብ ነው አልኩ። ፎጣ አቀበሉኝ።

"ስሜ እንዲነሳ አልፈልግም" አልኳቸው።

"ለምን እህቴ?"

"ነገር አልወድም።"

ግብር የፈራሁ መስሏቸው ይሆናል። እስክሪብቶውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። መጻፍ አልችልም፣ በጣቴ ልፈርም ማለት፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት፣ አልሆነልኝም።

ጽሑፉ "ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ ጠጅ ጣይ" ብሎ ወጣ። እርሾዬም "ናሙና ሦስት" ተባለ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ዶክተር ይደሰታሉ፤ እኔ ደግሞ አብሬ እጠቀሳለሁ፣ ስም የለሽ ሆኜ። አንዳንዴ ሊሄዱ ሲሉ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ ሐሳብሽን ከቀየርሽ ሌላ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው ይሉኛል። እሺ ዶክተር እላቸዋለሁ። እሺ እያልኩ ሰባት ዓመት አለፈ።

ካዛንቺስ ሲፈርስ ቤቴም አብሮ ሄደ፤ በርሜሉ ጭነት መኪናው ላይ ተሰነጠቀ። ገላን ገባን። እዚያ የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ፣ ለማንም ሳልናገር። ሐሳቤ ስሜን በእጄ ጽፌ ቢሯቸው ድረስ ይዤላቸው መሄድ ነበር። ትንሽ ጽሕፈቴ ቀጥ ይበል እያልኩ ቆየሁ። ደብተር ሙሉ ስሜን ጻፍኩ። ይኸው በግንቦት የማላውቀው ስልክ ተደወለ።

"ይቅርታ፣ ክብርት ናሙና ሦስትን ነው የማናግረው?"

ዶክተር ስልካቸው ላይ የመዘገቡኝ እንደዚያ ብለው ነው። የደወለችው ተማሪያቸው ሂባ ናት፤ ስልካቸው ውስጥ ላለው ሁሉ መርዶ ስታደርስ እኔ ጋ ደረሰች። አዎ፣ ነኝ አልኳት።

ለቅሶው ላይ ሂባን አገኘኋት። ቁጥሩ ስድስት መቶ አርባ አንድ ደርሷል፣ እርሾዬም ማቀዝቀዣ ውስጥ በሕይወት አለ አለችኝ። የሞተ ሰው ይቆጠርለታል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ይቆጠርለታል አለች። እኔ ብጽፍስ አልኳት፣ ቀስ ብዬ። አፈረች መሰለኝ።

"ጆርናል ላይ ካልወጣ አይቆጠርም፣ እትዬ።"

ይሁን። ዶክተር፣ ተሳስቷል ያላቸውን ህንዳዊ እንኳ ቆጥረዋል፤ የእኔን አይተዉም። ኢያቄም በጠጁ ጽሑፋቸው አልተሳሳቱም፤ አንድ ስም ብቻ ጎድሏቸዋል፣ እሱም በእኔ ጥፋት። ናሙና ሦስትን የጣልኩት እኔ ነኝ። አሰፋሽ እባላለሁ።