ለሦስት ጣሪያ አንድ ዘንግ

ሐሙስ፣ ጁን 19 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.። የፓሊካራ መስጊድ። ሰሜን ግድግዳ፣ ምሥራቅ ግድግዳ፣ ደቡብ ግድግዳ፤ የሦስቱም ልክ ካርዱ ላይ በእርሳስ፣ ጉንዳን በሰልፍ የሄደበት በሚመስል ጽሕፈት ተሞልቷል። ምዕራብ ግድግዳ፤ ባዶ። ካርዱ እዚህ ላይ ያቆማል። በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ ባዶ ቦታ ያለው ካርድ ወደ መሳቢያ አስገብቼ አላውቅም። ይኼኛው ግን ጠረጴዛዬ ላይ ሰነበተ።

የሚለካ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ሰርግ ትጠሩታላችሁ፤ ከሙሽራዋ ይልቅ መቃኑን ያያል። ለቅሶ ይመጣል፤ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ ክፉኛ አዝኗል ትላላችሁ፤ እሱ የወለሉን ሸክላ እየቆጠረ ነው። ደረት ኪሱ ውስጥ ሜትር፣ ጆሮው ላይ እርሳስ አይታጣም። ስለ ዝናቡ ብታነሡበት ስንት ሚሊ ሜትር እንደዘነበ ይጠይቃችኋል፤ አላውቅም ካላችሁ በሐዘን ያያችኋል።

የእኛው ሊቀ ሊቃውንት፣ የክንድና የጣት ባለሥልጣን፣ የሦስቱ ጣሪያዎች ጠበቃ፣ ዶክተር አቹታን ነበሩ። በአገራችን መምህር "ማሽ" ይባላልና ከሕፃን እስከ ሽማግሌ "አቹታን ማሽ" እንላቸዋለን። ሁለት አባባል ነበራቸው። አንደኛው "ማን ለካው?" ነው። ሁለተኛው ክርክር ሲጠናባቸው የሚያወጡት ነበር፦ "በግምት እምነት ይጸናል፤ ጣሪያ ግን ይወድቃል።"

ማሽ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በሦስት ሕንፃ ነው። በፓሊካራ ወንዝ ዳር የአማልክቱ መቅደስ፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ አንዱ የሌላውን ሳል እስኪሰማ ተጠጋግተው ይኖራሉ። ሦስቱም ሾጣጣ የሸክላ ክዳን፣ ፊት ለፊቱ የተቀረጸ እንጨት፣ በር ላይ የሚንጠለጠል የናስ መብራት አላቸው። እንግዳ ሰው ከጀልባ ወርዶ የቱ የማን እንደሆነ እስኪጠይቅ ድረስ ያደናግራሉ። ማሽ የሚሉት ይህ ነው፦ ሦስቱንም የሠራው አንድ የአናጢ ዘር ነው፤ የለካባቸውም በአንድ ዘንግ ነው።

ይህን በቃል ሲናገሩ ማንም አልተቃወማቸውም። ችግሩ የመጣው ሰው ስለተስማማ ነው። የመቅደሱ ኮሚቴ በበዓሉ ቀን ሰንደቅ ሰቀለ፦ "ዶክተር አቹታን እንዳረጋገጡት ቀዳሚው የእኛ ነው።" በዓመቱ ቤተ ክርስቲያኑ የኢዮቤልዩ መጽሔት አወጣ፤ ያንኑ አለ። መስጊዱም ያንኑ አለ። ማሽ የማስተካከያ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ እኔ እተይባለሁ። አርባ አንድ ደብዳቤ ነው፤ ቅጂው አለኝ። ከሦስቱም የመጣው መልስ አንድ ነበር፦ ስለ ቀዳሚነታችን ስለመሰከሩልን ከልብ እናመሰግናለን።

አንድ ጊዜ በቤተ ክርስቲያኑ ሰርግ በምዕራቡ በር ላይ ተንበርክከው መቃኑን ሲለኩ ሙሽራዋ ከነአጃቢዎቿ ደረሰች። ደወል ደዋዩ ቫሪድ፣ ከሰው ቁጣ ይልቅ የቄሱን ዓይን የሚፈራው ቫሪድ፣ ጎንበስ ብሎ ጆሯቸው ላይ፣

"ማሽ፣ ሙሽራዋ ፀሐይ ላይ ቆማለች" አላቸው።

"እሷ ዛሬ ነው የቆመችው" አሉ ቀና ሳይሉ። "መቃኑ አራት መቶ ዓመት ቆሟል።"

የዚሁ የቫሪድ ሌላው ቂም መሰላሉ ነበር። በፓሊካራ ረጅም መሰላል አንድ ብቻ ነው። መቅደሱ በበዓል መብራት ያበራበታል፣ መስጊዱ ለረመዳን ኖራ ይቀባበታል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ለገና ኮከብ ይሰቅልበታል። የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ የሚቀመጠው ቫሪድ ዘንድ ነው፤ የወሰደና የመለሰ በደብተሩ ይመዘገባል። በዚያ ደብተር ውስጥ አንድ ስም ብቻ "ተመልሷል" የሚለው ዓምድ ፊት ለፊት በየገጹ ባዶ ነው። ማሽ በጥር የወሰዱትን መሰላል በፋሲካ ሊያመጡት ይችላሉ፤ ያውም ቫሪድ ሰው ከላከባቸው።

አሁን ስለ ቁጥሩ ልናገር፤ የነገሩ ሁሉ ራስ እሱ ነውና። የአናጢው ዘንግ ሃያ አራት ጣት ነው፤ የአናጢ ጣት ደግሞ ሦስት ሴንቲ ሜትር። የሕንፃው ዙሪያ በጣት ይቆጠራል፣ በሦስት ይባዛል፣ ለስምንት ይካፈላል። የሚተርፈው ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ ቤቱ ሕያው ነው፤ ሙሉ ከሆነ ሞቷል ይላሉ። እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ በዚያ ላይ ክርስቲያን፤ በዚህ አላምንም። ማሽ ቤቴ ሩዝና የዓሣ ወጥ ሊበሉ መጥተው "ኤሊያማ፣ ማድ ቤትሽ ሙሉ ነው" ብለውኝ ከሄዱ በኋላ አናጢ ጠርቼ ግድግዳውን ሁለት ጣት ያስገፋሁት ለአየር ብዬ ነው። ሁለት ጣት ሙሉን ጎዶሎ እንደማያደርግ ያሰላሁት አናጢው ከሄደ በኋላ ነበር።

መቅደሱ ተለካ፤ ሦስት ተረፈ። ቤተ ክርስቲያኑ ተለካ፤ ሦስት ተረፈ። ማሽ ከደስታ ብዛት የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ሻያቸውን ጨው ጨምረው ጠጡ። መስጊዱ ተለካ፤ ስድስት ተረፈ። ሙሉ። ስህተቱ ሲመረመር አንድ ጣት ነው፤ አንድ ጣት ቢያንስ ኖሮ ሦስት ይሆን ነበር።

ይህ የሆነው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ተመልሰን ለካን። አንድ ዓመት እንጨቱ በዝናብ አብጦ ነው አሉ፤ በበጋ ለካን፤ ስድስት። ሜትሩ ተለጥጦ ነው አሉ፤ አዲስ ተገዛ፤ ስድስት። አሰላለፋችን አይለወጥም ነበር። ማሽ በአንዱ ጫፍ ቁጥሩን ያነባሉ። ሌላውን ጫፍ የመስጊዱ አዛን አሰሚ ሞይዱ ይይዛል፤ አርባ ዓመት የኮኮናት ገመድ ሲገምድ የኖረ፣ ምላሱም እንደ ገመዱ የጠነከረ ሰው ነው። እኔ ግቢው ውስጥ በኩሬው አጠገብ ዣንጥላ ይዤ፣ ሁለቱም በሚታዩበት ቦታ ቆሜ የተጠራውን እጽፋለሁ።

"ማሽ" ይላል ሞይዱ በየዓመቱ፣ "መስጊዳችን ዘንድሮስ አደገ?"

"ዝም ብለህ አጥብቀህ ያዝ።"

"ይዣለሁ። እርስዎ ሲያረጁ እሱ ያድጋል ብዬ ነው።"

ማሽ ስለ ሦስቱ ጣሪያዎች የሚጽፉት መጽሐፍ ከዚህች ቁጥር በቀር ተጠናቋል። አሳታሚው ጠበቀ፤ ሞተ፤ ልጁ ጠበቀ። እኔም በመጪው ነሐሴ ጡረታ እወጣለሁ፤ ከመውጣቴ በፊት መጽሐፉን በመደርደሪያዬ ላይ ማየት እፈልግ ነበር። ማክሰኞ ዕለት፣

"ማሽ፣ በግርጌ ማስታወሻ ትለፍ። አንድ ጣት እኮ ናት" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። "ኤሊያማ፣ 'እነዚያ ከእኛ አይደሉም' የሚል ሰው የሚፈልገው ቀዳዳ ከአንድ ጣት አይበልጥም። እኔ ራሴ ከፍቼ ልስጠው?"

ልክ ስለነበሩ ተቆጣሁ። ረቡዕ ማታ ከመዝገብ ቤቱ ስንወጣ፣ "ነገ መስጊዱ ጋ አልመጣም፤ ጥርሴን አሞኛል" አልኳቸው። ጥርሴ ደህና ነበር። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዬ ያስመዘገብኩት ሐሰት ይህ ነው።

"እንግዲያው ለስለስ ያለ ነገር ብዪ" አሉኝ። "ካርዱን ግን ስጪኝ፤ ራሴ እጽፋለሁ።"

ሐሙስ ብቻቸውን ሄዱ። ዓርብ ጠዋት የእህታቸው ልጅ ሻይ ይዛ ስትገባ አልጋቸው ላይ አልነቁም። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ካርዱ በሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ፣ እንዳይረጥብ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተገኘና ለእኔ መጣ። ባዶዋን ቦታ ሳይ የገባኝ አንድ ነገር ነው፦ ለሃያኛ ጊዜ ስድስት ተረፈ፤ ለመጻፍ እጃቸው እምቢ አለ፤ ከነሽንፈታቸው ሞቱ። እኔ ደግሞ ያልታመመ ጥርስ እያስታመምኩ ቤቴ ተቀምጬ ነበር።

የሐዘኑ አሥራ ስድስት ቀን አለፈ። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ካርዱንና የማሽን ሜትር ይዤ መስጊዱ ግቢ ሄድኩ። ስድስቱንም ቢሆን ጽፌው መሳቢያ ውስጥ ላስገባው ቆርጬ ነበር። ሞይዱ ኩሬው ደረጃ ላይ ተቀምጧል።

"ጥርስሽ እንዴት ነው?" አለኝ።

"ደህና ነው፣ ሞይዱ ኢካ።" ኢካ ታላቅ ወንድም ማለት ነው።

"ማሽም ደህና ነው ብለው ነበር። 'ጥርሷ ደህና ነው፤ የሰለቸናት እኛ ነን' አሉ።"

ተቀመጥኩ። ከዚያ ያቺን ሐሙስ ነገረኝ።

ሦስቱን ግድግዳ ለኩ። ለእያንዳንዱ ቁጥር የሚጽፍ ስላልነበረ ማሽ እየተመላለሱ ካርዱ ወዳለበት መጡ፤ ካርዱን እኔ ሁልጊዜ በምቆምበት ቦታ፣ በተዘረጋ ዣንጥላ ሥር አኑረውት ነበር። በአራተኛው፣ በምዕራቡ ግድግዳ ላይ፣ ሜትሩን እንደተዘረጋ በድንጋይ አስይዘው ሊጽፉ መጡ፤ እርሳሱን አነሱ፤ ቀና አሉ። ሞይዱን አዩት።

"እጄን አዩት" አለ ሞይዱ። "ከዚያ ሳቁ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ መቆም አልቻሉም፤ ይኸው አሁን የተቀመጥሽበት ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ሲስቁ ጅብ ነው የሚመስሉት፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በምን እንደምስቅ ግን አላወቅሁም።"

"እጅህ ምን ሆኖ ነው?"

"ነይ ላሳይሽ።"

ሄድን። የሜትሩን ጫፍ ወደ ምዕራቡ ማዕዘን ወሰደ። ጫፉ ላይ ያለችውን ብረት ግን እንጨቱ ላይ አላሳረፋትም፤ አውራ ጣቱን መሃል አስገብቶ ብረቷን በጣቱ ላይ አሳረፋት።

"ወደዚህ ዞረን ነው የምንሰግደው" አለ። "ብረት አላስነካውም። አባቴም ምስማር መትቶበት አያውቅም። ሌሎቹ ግድግዳዎች ግድ የለም፤ ይኼኛው ግን እንዳይቧጨር ነው።"

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?"

"ሙሉ።"

"ለምን አልነገርከንም?"

"ማን ጠየቀኝ? 'አጥብቀህ ያዝ' አሉኝ፤ አጥብቄ ያዝኩ።"

ይህን መጻፍ አልወድም፤ ግን መዝገብ መዝገብ ነው። ማሽ የቆሙበት ጫፍ ሩቅ ነበር፤ ከዚያ ጣቱ አይታያቸውም። ሁለቱም ጫፍ የሚታየው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በዚያ ቦታ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዣንጥላ ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። ጣቱን በየዓመቱ አይቼዋለሁ። ወፍራም እንደሆነም ልብ ብያለሁ። የምጽፈው ግን የተጠራውን ብቻ ነበር፤ ጣቱን ማንም አልጠራውም። ማሽ በቦታዬ አንድ ቀን ቢቆሙ በአንድ እርሳስ ማንሻ ጊዜ አዩት። እኔ እኮ ነኝ "ጥንቃቄ" የሚል ጽሑፍ በመዝገብ ቤቱ በር ላይ የለጠፍኩት።

"ታዲያ ለምን አልጻፉትም?" አልኩት። "ቀንሰው መጻፍ ነበር።"

ሞይዱ ወደ ኩሬው አየ። "እኔም ጠየቅኋቸው። 'ይቺን የምትጽፋት ኤሊያማ ናት፤ ቦታው የእሷ ነው' አሉ። 'ነገ ስነግራት ፊቷን ማየት እፈልጋለሁ' አሉ።"

ፊቴን ያየው ሞይዱ ነው። ጨዋ ሰው ነውና ኩሬው ውስጥ ስላሉት ዓሦች ያወራኝ ጀመር፤ አልቅሼ እስክጨርስ።

ከዚያ ለካን። ጣትህን አንሣ አላልኩትም፤ እንደ ወትሮው ያዘ፤ እኔ በማሽ ጫፍ ቆሜ አነበብኩ። ቀጥሎ አውራ ጣቱን ለካሁ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ከዘጠኝ ሚሊ ሜትር።

"አንድ ሚሊ ሜትር ይጎድላል" አልኩት።

"በእርጅና የሳሳችው ናት፤ እሷንም ጻፊልኝ" አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጣቴ መጽሐፉ ውስጥ ይገባል?"

"በግርጌ ማስታወሻ።"

"በግርጌም ቢሆን" አለ፤ ጣቱን እያገላበጠ አየው።

ቀንሼ፣ ደምሬ፣ በሦስት አባዝቼ፣ ለስምንት አካፈልኩ። ሦስት ተረፈ። እርግጠኛ ለመሆን አራት ጊዜ ሠራሁት፤ አራቱንም ጊዜ ሦስት ተረፈ። በባዶዋ ቦታ በቀለም ጻፍኩ፤ ከሥሩ "የሞይዱ አውራ ጣት ተቀንሶ፤ ኤ." አልኩበት። ካርዱ መሳቢያ ገባ፤ መጽሐፉ ለአሳታሚው ልጅ ተላከ። ሦስቱ ኮሚቴዎች ምን ብለው ሰንደቅ እንደሚሰቅሉ ከወዲሁ አውቃለሁ፤ አርባ ሁለተኛውን ደብዳቤ የምፈርመው ግን እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ማሽ የዚያን ቀን ለጣሪያው ክፈፍ መሰላሉን ወስደው ነበር፤ ቤታቸው ቢፈለግ የለም፤ መስጊዱም ጋ የለም። ቫሪድን ልጠይቀው ቤተ ክርስቲያኑ ሄድኩ። ደብተሩን ከፍቶ ሰጠኝና ነገረኝ። በዝናቡ መሃል ብቻቸውን ተሸክመው አምጥተውት፣ በራሳቸው ሽርጥ እያንዳንዱን መወጣጫ አድርቀው፣ ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ቫሪድ እስኪጽፍ ቆመው ጠብቀዋል። ከስማቸው ፊት ለፊት፣ እስከዚያ ቀን ባዶ በነበረው ዓምድ፣ እንዲህ ይላል፦ ሐሙስ፣ ጁን 19፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል፤ መሰላል፣ አንድ፤ ተመልሷል፤ ደርቋል።