ለሽምግልና የሄደው አምፕሊፋየር

ሰው ድምፅ ማጉያ የሚገዛው መቼ ነው? ድምፁ ሲያንሰው ትሉኝ ይሆናል። እኔ የማውቀው ገዢ ግን ድምፅ ሞልቶት አፍ ያጣ ሰው ነበር።

ታደለ ይባላል። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት በዚያ ዘመን፣ በአንዲት አሮጌ ፔዦ ከአምቦ ጌዶ ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነው። እኔ አምቦ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር፤ የተከራየነው አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ይህ ሰው ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ሲከራከር ጠበቃ ያስንቃል። ጌዶ በሕክምና ሥራ ላይ ያለችው ጫልቱ መኪናው ውስጥ ስትገባ ግን ምላሱ ይታሰራል። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያመላልሳት የነገራት ነገር ቢኖር "በሩን ጠበቅ አድርገሽ ዝጊው" የሚል ብቻ ነው። አንድ ቀን እሷ፣ መኪናህ ሙዚቃ የላትም እንዴ ብላ ጠየቀችው። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን እንደ ጥያቄ ይሰማዋል። ታደለ እንደ መመሪያ ተቀበለው።

መርካቶ ወርዶ ቴፕ፣ ሁለት ትላልቅ ስፒከሮችና አንድ አምፕሊፋየር ይዞ ተመለሰ። አምፕሊፋየሩ ጥቁርና ከባድ ነው፤ ጀርባው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰነጣጠቀ ብረት። ሻጩ ያ ጥርስ ሙቀቱን የሚያስተነፍስበት መሆኑን ነግሮታል። አየር የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጠው፣ ፊውዙን አትንካ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው አትክፈተው ብሎ መክሮታል። ታደለ ምክሩን በአክብሮት ካዳመጠ በኋላ ዕቃውን ከኋላ ወንበር ሥር ወሸቀው፤ ሌባ እንዳያየው። ፊውዙ ደጋግሞ ሲቃጠልበት ደግሞ "ደካማ ነው" ብሎ ፈረደበትና፣ በቦታው የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ አስገባ። እስቲ ፍረዱ፤ የፊውዝ ሥራው ምን ሆነና ነው? ሌላው እንዳይቃጠል ቀድሞ መቃጠል። እንዲህ ያለ ታማኝ ዘብ በዚያ ዘመን በየትኛው መሥሪያ ቤት ይገኝ ነበር?

ድምፁን ግን አልዋሽም፣ ማለፊያ ነበር። እስከዚያ ድረስ የምናውቀው ማጉያ ቀበሌው ለስብሰባ የሚጠራበትን ስለነበር፣ ዘፈን የሚያጎላም መኖሩ ራሱ ተስፋ ይሰጥ ነበር። ጫልቱም በመጀመሪያው ቀን ፈገግ አለች። ታደለ ያችን ፈገግታ ተሸክሞ ግቢያችን ገባና፣ ሽማግሌ ሁኑልኝ አለ።

የሰፈራችን ትልቅ ሰው ኦቦ ነገራ፣ የታደለ አጎት ጋሽ በየነ እና እኔ ተመረጥን። የእኔ ዕድሜ ለሽምግልና ባይደርስም መነጽሬ ደርሷል ተባለ። አግቢ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ነገር ግን ሌላ መኪናም ሌላ ሾፌርም የለም። ስለዚህ ታደለ እንደ ሾፌር እንጂ እንደ አግቢ እንዳይቆጠር ተስማምተን ቅዳሜ በማለዳ ተነሣን። የፊቱን ወንበር ስፒከሮቹ ስለያዙት ሦስታችንም ከኋላ ተደረደርን።

ጉደርን ስናልፍ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ኦቦ ነገራ ግን ወንበሩ እየሞቀ መሄዱን አስተዋሉና ልጁ ለትልቅ ሰው አሳቢ መሆኑን አመሰገኑ። ሙቀቱ እንዳያመልጥም የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ወንበሩ ሥር ጠቀጠቁት። ጌዶ ልንገባ ስንል ታደለ መምጣታችንን ጫልቱ እንድትሰማ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው። መጀመሪያ ዘፋኙ አንቋረረ። ቀጥሎ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ከዚያ በእግሮቻችን መሐል ጭስ ወጣ።

ታደለ መኪናዋን ዳር አስይዞ ዘሎ ወረደ። የኋላውን በር ከፍቶ ኦቦ ነገራን እንደ ሕፃን አቅፎ አወጣቸው፤ ቀጥሎ አጎቱን፤ ቀጥሎ እኔን በኮቴ አንገት ጎትቶ። ከዚያ ኮፈኑን ከፈተና ከባትሪው የሚመጣውን የጋለ ሽቦ በባዶ እጁ ጨብጦ ነቀለው። መዳፉ በጥቂቱ ተላጠ፤ ጭሱ ቆመ።

ከብት ወደ ገበያ የሚነዳ አንድ ጎልማሳ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ሁሉን አይቷል። ተሻግሮ "አካም ቡልተን" ብሎ እንዴት አደራችሁ አለንና በሚጨሰው ወንበር ላይ አፈር በተነበት። ባትሪው ተሟጦ መኪናዋ አልነሣ ስትልም ከእኛ ጋር ገፋ፤ እንዲያውም ከእኛ ይበልጥ ገፋ። ሞተሩ ሲነሣ ኦቦ ነገራ መረቁትና የጫልቱ አባት የኦቦ ደሬሳ ቤት በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁት።

"ደሬሳ እኔ ነኝ" አለ ሰውየው፣ እጁን እያራገፈ። "በደኅና ነው?"

ልጃቸውን ልንለምናቸው የመጣነውን ሰው መኪና አስገፍተናቸዋል። ለዚህ የሚሆን የሽምግልና ንግግር ማን ያውቃል?

ቤታቸው ገብተን ኦቦ ነገራ ቆመው፣ በኦሮምኛ ጀምረው ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ እየተመለሱ፣ የመጣንበትን ተናገሩ። ኦቦ ደሬሳ ሾፌር ከሚስቱ መኪናውን ያስበልጣል ብለው እንደሚፈሩ ቀደም ብለን ሰምተናል።

"ዛሬ ግን በዓይኔ አየሁ" አሉ። "እሳት ሲነሣ ከንብረቱ በፊት ሰው አወጣ። እንዲህ ያለውን ምን ብዬ እመልሰዋለሁ?"

ኦቦ ነገራ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። ንብረቱ የነበረው ከእኛ ሥር ነው፤ ሦስት ሽማግሌ ሳያነሣ ማንም አይደርስበትም። ይህን ማስረዳት የሽማግሌ ሥራ ነው? አይመስለኝም። ደግሞም በሩን ሲከፍት ፊቱን አይቼዋለሁ፤ ዕቃ የሚፈልግ ሰው ፊት አልነበረም።

ቢሆንም የመጨረሻው ቃል የእሷ ነው ብለው ጫልቱን አስጠሩ። ታደለም እጁን በመሐረብ ጠቅልሎ ገባ፤ እንደ ልማዱ ቃል አልወጣውም። አባቷ ሐሳቧን ጠየቋት። እሷ መሐረቡን ፈትታ መዳፉን አየችና፣ ይህ በየጊዜው ካልታጠበ ያመረቅዛል አለች። ሥራ ቦታዋ ሰልፍ ስላለ እዚሁ ቤት እየመጣ እንዲታጠብ አዘዘች። እስከ መቼ ድረስ ነው ሲሏት፣ አንገቷን ደፍታ "እንደ ቁስሉ ነው፣ አባባ" አለች።

ያቺ የታደለ ቁስል የሽንብራ ፍሬ ብታህል ነው። ሐኪሟ ጎበዝ፣ መድኃኒቱ ያልተቋረጠ፣ ታማሚው ቀጠሮ የማያዛንፍ ሆኖ ሳለ፣ ሠርጉ እስኪደርስ ድረስ አልዳነችም።