ባለ ፔዳሉ ጊታርና የአባቴ ለቅሶ

ብቸኛ ወንደላጤ ከሁለት አንዱን ያደርጋል ይባላል፤ ወይ ጠጅ ቤት ይለምዳል፣ ወይ ሚስት ያገባል። የሁለቱም መጨረሻ ያው ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አላልኩም። እኔ ሁለቱንም ፈርቼ ሦስተኛ መንገድ ያዝኩ፤ ሙዚቃ መማር ጀመርኩ። ክራር ወይም ማሲንቆ ቢሆን ምን ነበረበት? የሚያስተምርም የሚያዳምጥም፣ ቢያንስ የሚሰድብ አይጠፋም ነበር። የእኔ ግን ከጎንደር እስከ ደባርቅ ቢፈለግ ወንድም የማይገኝለት ዕቃ ነው።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ጎንደር ከተማ ስልክ አገናኝ ነበርኩ። የአሰላ ልጅ ነኝ፤ ያመጣኝ ሹመት ሳይሆን ዝውውር ነው። ቀኑን ሙሉ ገመድ ስነቅል ገመድ ስሰካ፣ ነጋዴን ከነጋዴ፣ ባልን ከሚስት፣ ዳኛን ከባለጉዳይ (ይህን አልሰማችሁም) ሳገናኝ እውላለሁ። "አሎ አይከል! ጎንደር ነው!" እያልኩ የጎረቤቱን ከተማ ስጠራ ጉሮሮዬ ይደርቃል። ታዲያ አገሩን ሁሉ የማገናኝ ሰው፣ ሲመሽ ቤቴ ስገባ እኔን ከሰው የሚያገናኝ አጣሁ። አነጋገሬም ከዳኝ። እነሱ "ሸጋ" ሲሉ እኔ "ጥሩ" እላለሁ፤ "ምነው?" ሲሉኝ የተቆጡ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። ጎንደሬ ደግሞ እንግዳ ያከብራል፤ ከማክበሩ ብዛት አይጠጋውም።

በዚያን ጊዜ ሚስተር ሮይ የሚባል፣ የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ፈረንጅ ነበር። በየቅዳሜው ባሕር ማዶ ካለችው ሚስቱ ጋር ሊነጋገር ይመጣል፤ መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ይቆረጣል፤ እሱም ወንበር ስቦ ይጠብቃል። እሱ ሲጠብቅ እኔም ስጠብቅለት ተወዳጀን። ሥራው አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ለአውሮፕላን የከበደውን ዕቃ ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። እሱ ሄደ፤ ቅዳሜም አብራው ሄደች።

ዕቃው ባለ ፔዳል ጊታር ነው። ጊታር ሲባል ደረት ላይ የሚታቀፍ እንዳይመስላችሁ። አራት እግር ያለው ጠባብ ጠረጴዛ ነው፤ ላዩ ላይ ክሮች ተወጥረውበታል። ግራ እጅ ድቡልቡል ብረት ይዞ ክሩ ላይ ያንሸራትታል፣ ቀኝ እጅ ክሩን ይነካካል፣ እግር ከሥር ፔዳል ይረግጣል፣ ጉልበት ወደ ጎን ይገፋል። ድምፁ በኤሌክትሪክ፣ ሬዲዮ በሚመስል ሣጥን በኩል ይወጣል። ከሰውነት ሁሉ ሥራ የሚፈታው ምላስ ብቻ ነው፤ የእኔ ምላስ እንደሆነ ሥራ መፍታቱን ለምዶታል።

ያከራዩኝ እመት ጥሩዬ፣ የቄስ ሚስት የነበሩ ባልቴት፣ ዕቃው ሲገባ ፔዳሉን አይተው ነበርና በማግሥቱ አንድ ቀሚስ ይዘው መጡ። "የኔ ልጅ፣ ሸጋ የስፌት ማኪና አመጣህ፤ እስቲ የዚችን ጫፍ ዘምዝምልኝ" አሉኝ። መስፊያ አለመሆኑን ባስረዳቸው ጊዜ ቀሚሳቸውን አጥፈው፣ "ታዲያ ምን ይሁን ብለህ ነው የምትረግጠው?" ብለው ወጡ። ጥያቄው የሚናቅ አልነበረም። ለብዙ ወራት እኔም ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነበር። ሚስተር ሮይ ሲያንሸራትተው እንደ ማር ይለጠጥ የነበረው ድምፅ፣ በእኔ እጅ ጅራቷን በር የያዛት ድመት ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ግን እንዲህ ሆነ። ሁለት ክር አንድ ላይ ነካሁና ፔዳሉን ቀስ ብዬ ረገጥኩ። አንዱ ክር ባለበት ቆየ፤ ሌላው እየተሳበ፣ እየተለማመጠ ወደ ላይ ወጣና ከቆመው ጎን ሄዶ ተቀመጠ። ቤቱ በድምፅ ሞላ። እጄ፣ እግሬና ጉልበቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ! ከደስታዬ ብዛት "ሰማችሁ?" ብዬ ዞርኩ። አልጋዬና ወንበሬ ነበሩ።

ሐዘን ብቻውን ይዋጣል፤ ደስታ ግን ለብቻ ሲሆን ያንቃል። ምን ላድርግ? መንገደኛ እንኳ ቢሰማልኝ ብዬ መስኮቱን በሰፊው ከፈትኩና ያችኑ ድምፅ ደጋገምኳት።

መጀመሪያ የሰማሁት ኮቴ ነው። ቀጥሎ "ወየው! ወየው!" የሚል ጩኸት። በሩ ተበርግዶ እመት ጥሩዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ፤ ከኋላቸው የሰፈሩ ሴቶች፣ ከሴቶቹ ኋላ ወንዶቹ፣ ከሁሉም ኋላ በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚያስተምሩት መሪጌታ ይኄይስ መቋሚያቸውን ይዘው። "ማን ሞተብህ ልጄ፣ እንዲህ የምታለቅሰው?" አሉኝ። ማንም አልሞተብኝም፣ ሙዚቃ እየተማርኩ ነው ብል፣ "ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጣ!" ተባባሉ። አንዷማ፣ "ስልክ ቤት አይደል የሚሠራው? መርዶውን በሽቦ ሰምቶ ነው" አለች፤ ከዚያ በኋላ የሚጠራጠር ጠፋ።

"እናትህ ናት?" አሉኝ። እናቴ ደኅና ናት አልኩ። "አባትህ ነው?" አሉኝ። አባቴማ በልጅነቴ ነው የሞተው ልል "አባቴማ..." ከማለቴ ቤቱ በለቅሶ ተናጋ። እመት ጥሩዬ የአባቴን ስም ጠየቁኝ፤ "ወልዴ" አልኳቸው፤ መሐል ቆሙና ሙሾውን አወረዱት፦

"ባለ ሽቦው ልጅህ ጎንደር ተቀምጦ፣
አሎ ቢልህ ጠፋህ መስመሩ ተቆርጦ።"

እስከዚያች ደቂቃ ሳቄን አፍኜ ይዤ ነበር። አባቴ የሞተ ጊዜ "ልጅ ለቅሶ አያይም" ተብዬ አክስቴ ቤት ተላክሁ። ስመለስ ድንኳኑ ፈርሷል፣ አባቴ የለም፣ የሚያለቅስም የለም፤ ሁሉም ጨርሶ ጠበቀኝ። እኔ ደግሞ ብቻዬን ማልቀስ አፈርኩና ተውኩት። አሁን ጎንደር ላይ፣ ስሙን ገና በዚያች ደቂቃ በሰሙት ሰዎች መሐል፣ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አነባሁ።

እንባዬን ጠርጌ ግን እንግዶቼን ላታልል አልፈለግሁም። አባቴ ከሞተ ዘመን እንዳለፈው፣ የሰሙትም ድምፅ የዕቃው መሆኑን ነገርኳቸው። እንዲያምኑኝም ተቀምጬ ያችኑ ድምፅ አሰማኋቸው። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና፣ "ይህስ የለየለት አራራይ ነው" አሉ፤ አራራይ በቤተ ክርስቲያን ልብ የሚያባባው የዜማ ስልት ነው። እመት ጥሩዬ ግን ፊታቸው ተለዋወጠ። "እኔ ደረቴን የደቃሁት ለብረት ነው?" አሉ። ከጥግ አንዱ ሳቁን ማፈን አቃተው። ሰዉ ሁሉ ይሂድ ወይስ ይቀመጥ ግራ ገባው።

ፍርዱን የሰጡት መሪጌታ ናቸው። "አባቱ ሞቷል አልሞተም?" አሉ። ሞቷል ተባለ። "ልጁ አልቅሷል አላለቀሰም?" አልቅሷል። "እንግዲያስ ለቅሶ ነው። ዘገየ እንጂ አልቀረም፤ ተቀመጡ።"

ተቀመጡ። ከየቤቱ እዝን መጣ፤ ወጡም ጠላውም ተረፈ። አንድ ብርጭቆ ብቻ የነበረኝ ሰው ቤቴ ውስጥ እግር መዘርጊያ አጣሁ። ስለ አሰላ ጠየቁኝ፣ ስለ አባቴ ጠየቁኝ፤ አፌ ተፈታና አወራሁ፣ አወራሁ። በማግሥቱም መጡ፣ በሠልስቱም መጡ። መንገድ ላይ "እግዜር ያጥናህ" የማይለኝ ጠፋ፤ እኔም በደስታ "አሜን" እላለሁ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው እንደዚያ ሲፈነድቅ ጎንደር አይታ አታውቅም።

ዳሩ ግን ለቅሶ ያልቃል። ቤቴም ተመልሳ ቤቴ ሆነች። እኔ ግን ትምህርቴን አላቆምኩም፤ ክረምቱን ሙሉ ስደክም ከርሜ፣ መስከረም ሲጠባ ትከሻ የምትነቀንቅ አንዲት ዜማ አንድም ሳልሳሳት ተጫወትኩ። መስኮቱን ከፈትኩ፤ በሩንም ጨመርኩበት። ጠላ ሁሉ አስጠምቄ ነበር። ደግሜ ተጫወትኩ። የመጣ ሰው የለም።

አመሻሹ ላይ እመት ጥሩዬን ደጃፍ አገኘኋቸውና አልሰሙ እንደሆን ጠየቅኋቸው። "ምነው አልሰማ! ሸጋ ነው፣ መላ ሰፈሩ ሰምቷል" አሉኝ። ታዲያ ምነው ብቅ አላላችሁ ብላቸው በመገረም ትክ ብለው አዩኝ። "ደስ ብሎህ የለ እንዴ? ደስ ያለው ሰው ቤት ምን ብለን እንምጣ?"

ወደ ክፍሌ ገብቼ ጊታሩ ፊት ተቀመጥኩና፣ ከዘመዶቼ መሐል ሳይለቀስለት የቀረ ማን እንዳለ ማሰብ ጀመርኩ።