በጎፋ የተመዘገበው ጎደሬ

ሰው የሚበላ ነገር ቢተክል ምክንያቱን የሚጠይቀው የለም። ለቅጠሉ ብቻ ብሎ የተከለ እንደሆነ ግን መልስ ማዘጋጀት አለበት። ጽጌረዳ እንኳ ያብባል፣ ይሸታል፣ ለሠርግ ይቆረጣል፤ ስለዚህ ይታለፋል። የማያብብ፣ የማይሸት፣ የማይበላ ተክል ጠዋትና ማታ ሲንከባከብ የሚታይ ሰው ግን ወይ ጤናው ወይ የፖለቲካ አቋሙ ያጠራጥራል። እኔን በሁለቱም ጠርጥረውኛል።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ጎፋ ሰፈር በሚገኘው ጠባብ ግቢዬ ነው። ከማስተማር ሥራዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰ አንድ የግብርና ባለሙያ ወዳጄ በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለ ሥር አመጣልኝና፣ «ከሞቃት የደን አገር የመጣ ነው፤ በዚህ ብርድ ይጽደቅ አይጽደቅ እንጃ» አለኝ። «እንጃ» የሚል መልስ ከተማሪም ተቀብዬ ስለማላውቅ፣ ላጸድቀው ወሰንሁ።

ግቢዬ ሲሚንቶ ነው። ስለዚህ በረንዳው ላይ ግማሽ በርሜል አስቀምጬ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ሞላሁበት። ውኃውን አፍልቼ አቀዘቅዝለታለሁ፤ ቅጠሉን በእርጥብ ጥጥ እወለውላለሁ፤ ሐምሌና ነሐሴን ደግሞ ጋቢዬን ለበርሜሉ ትቼ እኔ በካፖርት እቀመጣለሁ። በሦስተኛው ዓመት ቅጠሉ የጋሻ ያህል ሰፋ። ጥቁር ለመባል ጥቂት የቀረው አረንጓዴ ሆኖ፣ ጅማቶቹ ነጫጭ ናቸው፤ በተወለወለ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተሰመረ ይመስላል። አንድ መምህር እንዲህ ያለውን ነገር ቢወድ እናንተስ ትፈርዱበታላችሁ?

በዚያው ዓመት፣ ቤተሰብ ሁሉ ባለው አፈር ላይ ለምግብ የሚሆን አትክልት እንዲተክል መመሪያ ወረደ። ቀበሌያችንም ቤት ለቤት የሚዞር ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢው ጓድ ታደሰ ይባላል፤ በፈተና ላይ ከጎረቤቱ ሲቀዳ ይዤ ዜሮ የሰጠሁት የቀድሞ ተማሪዬ ነው።

«ጋሼ፣ እዚህ ግቢ ያለው አፈር ይኸው በርሜል ብቻ ነው። ጎመን ይተከልበት» አለኝ።

«ተክል አለበት እኮ።»

«ምን ያፈራል?»

«ቅጠል።»

«ቅጠሉ ይበላል?»

«ከጎደሬ ወገን ነው» አልሁት። ሐሰት አልነበረም፤ ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች መሆናቸውን ወዳጄ ነግሮኛል። የኮሚቴው ጸሐፊ ግን «ጎደሬ፣ አንድ በርሜል» ብሎ መዝገቡ ላይ ጻፈ። ሲጽፍ አየሁት። ዕድሜ ልኬን የሰው ደብተር በቀይ ቀለም ሳርም የኖርሁ ሰው፣ ያችን መስመር ሳላርም አሳለፍኋት።

ወሬው አጥር የምንጋራቸው ወይዘሮ አስቴር ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። የወላይታ ተወላጅ ናቸው። ተክሉን ዞር ዞር ብለው አይተው ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ጋሼ፣ እኔ ጎደሬ በልቼ ነው ያደግሁት። ይኼን የቀመሰ ሰው ጸሎት እንኳ አያደርስም፤ ምላሱ ያብጣል።»

«ማን ይበላዋል ብለው ነው?»

«እርስዎማ አይበሉትም። የመዘገቡት ግን ይመጣሉ።»

መጡ። ጥቅምት ላይ ኮሚቴው ዶማ ይዞ በረንዳዬ ላይ ቆመ። ከበላይ አካል ለሚመጡ እንግዶች የቀበሌው ምርት ተቀቅሎ ይቀርባል ተባለ፤ ጎመን በየቤቱ ሞልቷል፣ ጎደሬ ያለው ግን እኔ ዘንድ ብቻ ነው። ዝም ብል ሥሩ ይነቀላል፣ እንግዶቹም ይመረዛሉ። ብናገር በርሜሉ ለጎመን ይሆናል። በየትኛውም መንገድ ተክሌ ማለቁ ነው። ሰው ሳያሳምም ይለቅ ብዬ ታደሰን ወደ ሳሎን ጠራሁት።

«መዝገብህ ስሕተት አለበት። ስሕተቱም የእኔ ነው። ተክሉ አይበላም፤ መርዝ ነው።»

ትክ ብሎ አየኝ። «ዐውቀው ነው፣ ጋሼ?»

«ዐውቄ ነው።»

«እርስዎ?»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ በረንዳው ወጣና ጸሐፊውን፣ «ዶማውን አስቀምጥ። ሥሩ ገና አልደረሰም ብለህ መዝግብ» አለው። እንግዲህ በአንድ በርሜል ላይ ሁለት ውሸት ሰፈረ፤ አንዱ የመምህሩ፣ ሌላው የተማሪው።

ሌሎቹ ከበር ሲወጡ እርሱ ወደ ኋላ ቀረት አለ። ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ባለቤቴ በዚህ ባለፈች ቁጥር ቆማ ታየዋለች። ለእኛም አንድ ችግኝ ቢያወጡልን። ሳሎናችን ባዶ ነው።»

«ጎመን አትተክልበትም?»

«ጎመን ሳሎን አይገባም፣ ጋሼ።»

ከጎኑ የበቀለች ትንሽ ችግኝ ለይቼ፣ በአንድ ገጽ ከተጻፈ ጥብቅ መመሪያ ጋር ሰጠሁት። በአሥራ አምስተኛው ቀን ቤቱ ሄጄ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከተትሁ። ውኃ በዝቶበታል። ቅጠሏም አቧራ ለብሷል። ባለቤቱ ሻይ እየቀዳች በሆዷ ሳቀች፤ ጓድ ሰብሳቢው እጁን አጣምሮ፣ ቆሞ አዳመጠኝ።

ከዚያ ወዲያ እርሱ የእኔን በረንዳ በዓመት አንድ ጊዜ ይቈጣጠር ነበር፤ እኔ ደግሞ የእርሱን ሳሎን በየአሥራ አምስት ቀኑ። ይህን ሥልጣን ማን እንደ ሰጠኝ ቀበሌው አልጠየቀኝም።