በሁዳዴ ገና የሚጫወት አማች

ሥራ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጠይቄ አላውቅም ነበር። የሚያርስ ገበሬ ነው፣ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፣ የሚቀድስ ቄስ ነው፤ ጠረጴዛ ሥር እግሩን ዘርግቶ የሚያዛጋ ደግሞ እንደኔው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሁሉም ስም አለው፤ ስሙ ከተጠራ ሌላ ጥያቄ የለም። ጣጣው የሚመጣው ሥራህ ስም ያጣ እንደሆነ ነው። በተለይ ያንን ስም የለሽ ሥራ ለሴት ልጅ አባት፣ ያውም ቆመህ፣ ማስረዳት ያለብህ ቀን። እኔ ያስረዳሁት ደግሞ የራሴን ሥራ እንኳ አይደለም፣ የሰው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጣጣ ሲጎትተኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ባለቤቴን ጠይቋት፤ ኧረ ሳትጠይቋትም ትነግራችኋለች።

ነገሩ የሆነው ጣልያን በወጣ ማግሥት፣ እንግሊዞች በየከተማው ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በተቀመጡበት ጊዜ፣ መቀሌ ላይ ነው። እኔ ከሸዋ ተዛውሬ ስልክ ቤት እሠራ ነበር። እንግሊዝኛዬ ጎደሎ፣ ትግርኛዬም ጎደሎ ነበሩ፤ የከተማው ሹማምንት ሁለቱን ጎደሎዎች ደምረው አስተርጓሚ አደረጉኝ። የማስተረጉምለት ሰው አንድ እንግሊዛዊ ሻምበል ነው። ቀጭን፣ ፊቱ በፀሐይ ቲማቲም የመሰለ፣ ክፉ ቃል የማይወጣው ጨዋ ሰው። አንድ በሽታ ብቻ ነበረበት። ጎልፍ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ትንሽ ኳስ መሬት ላይ ታስቀምጣለህ፣ በቆልማማ ዘንግ ትመታታለህ፣ ከሄደችበት ድረስ በእግርህ ትሄዳለህ፣ እንደገና ትመታታለህ፤ መጨረሻ ላይ ጉድጓድ ውስጥ ትከታታለህ። ከዚያስ? ከዚያማ አውጥተህ ወደ ሌላ ጉድጓድ ትሄዳለህ። በቃ ይኸው ነው። ሻምበሉ ከመቀሌ ወጣ ብሎ ኲሓ አጠገብ ጣልያን ለአውሮፕላን ብሎ ያስደለደለውን ሜዳ ዳር ዳሩን ይዞ፣ ባዶ የሳልሳ ቆርቆሮ እየቀበረ ጉድጓድ አደረገ፤ በየጉድጓዱም ቀይ ጨርቅ በእንጨት ተከለ። የጎደለው አንድ ነገር ነበር፣ የሚጫወተው ሰው። ጓደኞቹ እንግሊዞች ከዛፍ ሥር መጠጥ ቢጠጡ ይመርጣሉ። ብቻውን ሲጫወት አይቼዋለሁ፤ ራሱ ይመታል፣ ራሱ ያደንቃል፣ ራሱ ያዝናል። አንጀቴን በላው።

ገና ደረሰ። ከተማው ሁሉ ሜዳ ወጣ። ሻምበሉና እኔ ዳር ቆመን እያየን ሳለ ኪሮስ የሚባል ጎረምሳ ሩሯን፣ የገናዋን ኳስ፣ አንዴ ቢለጋት፣ የሰዉን ራስ፣ ሜዳውን፣ መንገዱን ሁሉ አልፋ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ገባች። ኪሮስ ጣልያን ጥሎት የሄደውን መኪና እየፈታ እየገጠመ የሚኖር ልጅ ነው። ሻምበሉ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። "ያንን ሰው አምጣልኝ!" አለ። አመጣሁለት። ከጥምቀት ጀምሮ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከኔ ጋር ጎልፍ ትጫወታለህ፣ ደሞዝ እከፍልሃለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ፕሮፌሽናል ነህ አለው። እኔም "እየተጫወትክ ደሞዝ ትበላለህ" ብዬ በትግርኛዬ ተረጎምኩ። ኪሮስ ትግርኛዬ የተበላሸ መስሎት በትሕትና "እስቲ ይድገሙልኝ ጋሼ" አለ። ደገምኩለት። በአማርኛም ነገርኩት። ሦስታችንም ሳቅን።

ሳቁ እስከ ሁዳዴ ነው የቆየው። እንደምታውቁት ገና የሚጫወቱት በገና ነው። በዓሉ ሲያልፍ ዘንጉ ጣራ ላይ ይሰካል፣ ዓመቱ እስኪዞር የሚነካው የለም። ታዲያ ምእመናን በጾም ወገባቸው እስኪቆረጥ እየሰገዱ፣ ኪሮስ የዘንግ እስር በትከሻው ተሸክሞ በቤተ ክርስቲያን በር ያልፋል። ሴቶቹ ያማትባሉ። ሽማግሎቹ "ምን ነካው ይህ ልጅ፣ አብዷል ወይስ ተለውጧል?" ይላሉ። ለጎልፍም ስም ወጣለት፤ "የፈረንጅ ገና" ተባለ። ክረምት ሲገባ ሣሩ እስከ ጉልበት ደረሰና ኳስ ከመምታት ኳስ መፈለግ በዛ። ኪሮስ ግን በጭቃውም በሣሩም እየበረታ ሄደ። በመስቀል ሰሞን ሻምበሉን በየቀኑ ያሸንፈው ጀመር። ሻምበሉ መጀመሪያ አጨበጨበ። ከዚያ ፈገግ አለ። ከዚያ ዘንጉን ሰብስቦ ወደ መኪናው መሄድ ጀመረ። አንድ ቀን በመኪና ስንመለስ፣ "ይህንን ልጅ አንዴ እንኳ ካላሸነፍኩት እርም ጎልፍ" አለኝ። ሻምበሉ ጎልፍ እርም አለ ማለት ኪሮስ ሥራ ፈታ ማለት ነው። አንዴ እንኳ ተሸነፍለት ብዬ ለኪሮስ ነገርኩት። "እንጃ ጋሼ፣ እጄ እንቢ ይለኛል" አለኝ።

ይኸው ልጅ ነው እንግዲህ በዚያው ሰሞን ፍቅር የያዘው። ልጅቱ ለተብርሃን ትባላለች፣ የጨው ነጋዴው የአቦይ ሐጎስ ልጅ። ሽማግሌ ሲላክ አጎቱ አንዱ ሆነ፤ ሌላው እኔ። አገሬው ሞልቶ ሳለ የሸዋ ሰው ምን ቤት ነው ትሉ ይሆናል። ሥራውን ማስረዳት የሚችል ሌላ ሰው ስላልተገኘ ነው።

ሄድን። እንደ ደንቡ በር ላይ ቆምን። አቦይ ሐጎስ ደልዳላ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛውን ከወሎ እስከ ሸዋ ጨው ሲያወርዱ ለቅመውታል። ዘር ተቆጠረ፣ ሃይማኖት ተጠየቀ፣ ሁሉም ሰላም ሆነ።

"ሥራውስ?" አሉ።

አጎትየው እኔን አየ።

"ኳስ ይመታል" አልኩ።

"ለገና?"

"ዓመቱን ሙሉ።"

"በሁዳዴም?"

"በሁዳዴም፣ አቦይ።"

አቦይ ሐጎስ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "እሺ፣ ተጋጣሚው ኳሱን ሊቀማው ይታገለዋል?"

"የለም፣ የየራሳቸው ኳስ አላቸው።"

"የየራሳቸው ካላቸው ታዲያ ምን ያጣላቸዋል?"

"ብቻ ጥቂት ጊዜ መትቶ የጨረሰ ያሸንፋል" ብዬ ላድበሰብስ ሞከርኩ።

"ኣንታ!" አሉ ጭናቸውን መትተው። "እንዲህስ ከሆነ እኔ ከቤቴ ሳልወጣ ሁላቸውንም አሸንፌያለሁ!" ስቀው ሲያበቁ ፊታቸው ኮስተር አለ። "ሥራው ይህ ከሆነ ሲሠራ በዓይኔ ልየው። ከዚያ መልስ እሰጣለሁ።"

ወሬው ኪሮስ ዘንድ ሲደርስ ልጁ ቁርጡን አወቀ። አማቱ ፊት ተሸንፎ ሚስት የሚያገኝ ወንድ በየት አገር አለ? ቢያሸንፍ ደግሞ ሻምበሉ ዘንጉን ይሰቅላል። ሲያስብ አደረና ጠዋት ስልክ ቤት መጣ። "ሥራው ይቅርብኝ ጋሼ። መኪና እየፈታሁ እኖራለሁ። ለተይን ግን አላጣትም፤ አሸንፈዋለሁ" አለ። ዐይኑ እንባ አቅርሯል። እኔም የሰው ልጅ ነኝና ከልቤ መረቅኩት።

የኅዳር ቅዳሜ ነበር። አቦይ ሐጎስ በበቅሎ፣ ዘመዶቻቸው በእግር፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ከበስተኋላ፣ ለተብርሃን ከመካከላቸው፤ ሜዳው ሞላ። ሻምበሉ ይህ ሁሉ ሕዝብ ለጎልፍ ፍቅር የመጣ መስሎት ደስታው ወሰን አጣ። ሰዉ ግን ገና ነው የሚያውቀው። ወዲያው ለሁለት ተከፈለ፤ የተወሰነው ለጨዋታው ማማር ሲል የሻምበሉ ወገን ሆነ። ሻምበሉ ዘንጉን ከፍ ሲያደርግ ጸጥታ ይወዳል፤ እንዲያውም ሰው ሲያስነጥስ ይደነግጣል። ከፍ ሲያደርግ እልልታው ቀለጠ። በሳተ ቁጥር ስድብ በዜማ ወረደበት፤ በገና ጊዜ የተሸነፈ ራስም ሆነ ደጃዝማች ይሰደባል፣ ቂም አይያዝም። "ምን ይላሉ?" አለኝ። ስለ እግሩ ቅጥነትና ስለ ሸምበቆ ነበር የሚሉት። "ጤና ይስጥልን ይላሉ" አልኩት። ቆቡን አንሥቶ እጅ ነሣቸው። ያን ጊዜ ሳቁ እስከ ከተማ ሳይሰማ አልቀረም።

እስከ መጨረሻው ጉድጓድ እኩል ሄዱ። ሻምበሉ ቀድሞ ጨረሰ። የኪሮስ ኳስ ከጉድጓዱ አንድ ክንድ ብትርቅ ነው፤ ጥጃ በአፍንጫዋ ገፍታ የምታስገባት ዓይነት። ካስገባት አሸነፈ። ቀና ብሎ ወደ ሴቶቹ አየ። ጎንበስ አለ። መታ። ኳሷ የቆርቆሮውን ጠርዝ ታክካ አለፈች። እኩል እንኳ ለመውጣት ከወዲያ በኩል ዞሮ መለሳት። እንደገና አለፈች!

ሻምበሉ ቆቡን ወደ ሰማይ ወረወረ። ኪሮስን አቅፎ ከመሬት አነሣው። "ይህንን ልጅ እስከምሄድ ድረስ አለቀውም!" እያለ ይጮሃል። የአቦይ ሐጎስ ዘመዶች የተሸናፊውን ስድብ አሁን ኪሮስ ላይ አወረዱት። ለተብርሃን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትሳቅ ታልቅስ አላወቅኩም። አቦይ ሐጎስ መልሱን ለነገ ቀጥረው በቅሏቸው ላይ ወጡ። ኪሮስ አመድ መስሎ ቆሞ ቀረ፤ አላሳዘነኝም ብል እዋሻለሁ።

እሑድ ለመልሱ ስንሄድ ሰበቤን አዘጋጅቼ ነበር፤ ነፋሱ፣ ፀሐዩ፣ የቆርቆሮው ጥበት። አቦይ ሐጎስ ግን ገና ከበር ስንደርስ "ግቡ፣ ተቀመጡ" አሉን። ሽማግሌ እንዲህ ቶሎ ተቀመጥ ሲባል ይደነግጣል። ደነገጥን።

"በስንት ገዥ ደጅ ጨው ይዤ ቆሜያለሁ" ብለው ጀመሩ። "ጌታውን ማሸነፍ ለጎረምሳ ቀላል ነው። ያቺን ኳስ የኔ በቅሎም ታስገባት ነበር። ልጁ ግን የሚበላበትን ሰው በሕዝብ ፊት ላለማዋረድ ሲል ሳታት። ያውም አንዴ ስቶ እንዳይነቃበት ደገማት! ስድቡንም ልጄ እያየችው ዋጠው።" ወደ መጋረጃው ሰረቅ አድርገው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ለተብርሃን እናቷን ናት። ተከራክራ ተሸንፋ አታውቅም። ለሷ የሚሆናት መሸነፍ የሚያውቅ ባል ነው፤ ከኔ በላይ ይህን ማን ያውቃል?"

"ምን አልክ አንተ?" አለ ከመጋረጃው ጀርባ የሴት ድምፅ።

"ምንም! እየመረቅኩ ነው!" አሉ አቦይ ሐጎስ፣ መረቁንም።

ሰርጉ በጥር ሆነ። ሻምበሉ ከገና በኋላ ትእዛዝ መጥቶለት ሄዷል፤ ሲሰናበት ዘንጎቹን ለኪሮስ ሰጠው፤ ሜዳው ላይም ከብት ገባበት። በመቀሌ የጎልፍ ሙያ ዕድሜው ይህችው አንድ ዓመት ነበረች። ዳሱ ውስጥ ከሙሽራው ጎን ጎንበስ ብዬ፣ "አንተ ልጅ፣ እኔ እንኳ ሳልነቃብህ እንዴት አድርገህ ሳትካት!" አልኩት በጆሮው።

"ምን ማለትዎ ነው?" አለ ኪሮስ። "እኔማ ላሸንፍ ነበር። ቀና ስል ለተይን አየኋትና እጄ እንቢ አለኝ። ሁለቴም የሳትኳት የምሬን ነው ጋሼ!"

ቀና ስል አቦይ ሐጎስ ከወዲያ ማዶ የተጋባዡን ጆሮ ይዘው የአማቻቸውን ብልህነት ያወራሉ። ሰዉ በአድናቆት ምላሱን ይመታል። ወዲያው እኔን አዩኝ። "ይኸው የስልክ ቤቱ ሰው አሉ፣ ምስክሬ ናቸው! ሆን ብሎ አይደለም ወይ የሳታት?"

ዳሱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አቦይ ሐጎስ አዩኝ፣ ሙሽራው አየኝ፣ ሙሽሪት ከሻሿ ሥር አየችኝ። ደግነቱ የሙሽራው አጎት ያጎረሰኝ ጉርሻ ገና አፌን ሞልቶት ስለነበር መናገር አልቻልኩም፤ ራሴን ብቻ ደጋግሜ በአዎንታ ነቀነቅኩ።